ያልተቀደደ አልተጎተተም

ሰፈሩ «ዋስትናው» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሲያሳጥርም፣ ቁልፍ ሲተክልም፣ ሥራውን የሚያስረክበው «ዋስትና አለው!» ብሎ ነው። የምን ዋስትና እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም፤ ልብሱ ተተርትሮበት መልሶ ያመጣ ግን ሞልቷል። ለእነሱም መልስ አያጣም። «አንተ ወፍረህ ነው»፣ «አንቺ አስተጣጠብሽ ነው» ይላቸዋል። አንዱ ምስኪን ሱሪው ደረጃ ሲወጣ ከኋላ ቢሰነጠቅበት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ደረጃ እንደምትወጣ መቼ ነገርከኝ?» ብሎታል።

ምስጢሩን ሚስቱ ታውቃለች፤ እሷ ካወቀች ደግሞ ሁላችንም አወቅን ማለት ነው። ሰውዬው ክር ይሰስታል! ሌላው ልብስ ሰፊ ሁለት ሦስቴ የሚመላለስበትን ብብት እሱ አንዴ፣ ያውም ስፌቱን አራርቆ፣ እንደ ችኩል መንገደኛ ያልፈዋል።

ይሄው ሰው በትርፍ ጊዜው የእግር ኳስ ዳኛ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፣ አንድ እጅጌ አስተካክሎ መግጠም ያቃተው ሰው ሜዳ መሐል ቆሞ የሰው ጥፋት ይለያል።

የዘንድሮው የዋንጫ ፍጻሜ የዳቦ ጋጋሪዎቹና የጋራዦቹ ነበር። የዳቦ ጋጋሪዎቹን ቢጫ ማሊያ የሰፋው ራሱ ዋስትናው ነው። ጋራዦቹ የእሱን ዋስትና ስለሚያውቁት ሌላ ሰፈር የተሰፋ ገዝተው መጡ። በክብር ወንበሩ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ተቀምጠዋል። የአራት መቶ ተማሪ ዩኒፎርም ማን እንደሚሰፋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ «ሥራህን ሜዳ ላይ ልየውና እነግርሃለሁ» ብለውታል። ዋስትናው ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሲመኝ ኖሯል።

ሚስቱ ማሊያዎቹን እያጣጠፈች ለምናው ነበር።

«ብብቱን እንኳ ድገመው። ኳስ እኮ ነው የሚጫወቱበት።»

«ኳስ በእግር ነው የሚጫወቱት። ብብት ምን አገባው?»

ጨዋታው ተጀመረ። ገና በአሥረኛው ደቂቃ የጋራዦቹ ተከላካይ፣ ጎል አፋፍ ላይ፣ የአንዱን ዳቦ ጋጋሪ እጅጌ ያዝ አደረገ። ያዝ ስል በሁለት ጣት፣ ትኩስ ብርጭቆ እንደሚያነሳ ሰው። እጅጌው ከነሙሉ ክብሩ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ተከላካዩ ራሱ ደንግጦ እጅጌውን ለባለቤቱ ሊመልስለት ዘረጋ።

ዋስትናው ወደ ክብር ወንበሩ ዞረ። ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገዋል። ፊሽካውን ነፋ፤ ፍጹም ቅጣት ምት!

«ኧረ ጋሼ በፈጣሪ! ነካ ነው ያደረግኩት!»

«ነካ?» አለ ዋስትናው፣ ክብር ወንበሩ ድረስ እንዲሰማ እየጮኸ። «የእኔ ስፌት በሬ ካልጎተተው አይላቀቅም! አንተ በሬ!»

አንድ ለባዶ። ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ደግሞ የሌላው አንገትጌ በትከሻ ግፊያ ብቻ ተገነጠለ። አሁንም ፍጹም ቅጣት ምት፤ ሁለት ለባዶ።

ከዕረፍት በኋላ ተራው የጋራዦቹ ሆነ። አጥቂያቸው ወደ ጎል ሲሮጥ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከኋላ ማሊያውን ጨምድዶ ይዞ ጎተተው። ማሊያው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፤ ልጁ ወደፊት ሮጦ ወደኋላ ተመለሰ። ግን አልተቀደደም።

«ቀጥል!» አለ ዋስትናው።

«ጋሼ፣ ጎተተኝ እኮ!»

«የታል ቀዳዳው? ያልተቀደደ አልተጎተተም!»

ባንዲራውን ያነሳው የመስመር ዳኛ ይህን ሲሰማ ቀስ ብሎ አወረደው። ጋራዦቹም ከዚያ በኋላ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ እንደ ታሳሪ እየሮጡ ጨዋታውን ጨረሱት። እንዲህ ተጫውቶ ማን ያሸንፋል? ሲያበቃ አምበላቸው ወደ ዳኛው ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለከርሞ እኛንም አንተ ስፋልን፤ ዋንጫው ያለው ብብት ስር ነው» አለው። ዋስትናው ዓይኑ ክብር ወንበሩ ላይ፣ ልቡ አራት መቶው ዩኒፎርም ላይ ነው።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ርዕሰ መምህርቷ ዋንጫውን ለዳቦ ጋጋሪዎቹ አምበል ሰጡት። ልጁ ሊጥ አቡኪ ነው፤ ክንዱ የሰው ጭን ያክላል። ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ብድግ ቢያደርገው፣ ማሊያው ከሁለቱም ብብት እስከ ወገብ ተተረተረና ፊትና ኋላው ተለያይቶ ተንጠለጠለ።

ዋስትናው ፊሽካውን ነፋ! ጨዋታው ካለቀ ቆይቷል፤ እሱ ግን ነፋ። ጣቱንም ወደ ጥፋተኛው ቀሰረ። ከአምበሉ አጠገብ የቆሙት ርዕሰ መምህርቷ ብቻ ነበሩ።

«እኔ ነኝ የጎተትኩት?» አሉ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። እሱ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ፣

«ዋንጫ እንደሚያነሳ መቼ ነገረኝ?» አላቸው።

ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ጋራዦቹ አምበል ዞሩ። «ልጄ፣ የእናንተን ማሊያ ማነው የሰፋው?»

ዩኒፎርሙ ሌላ ሰፈር ሄደ። ዋስትናው ዛሬም ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ስፌት ቤቱ በር ላይ ይቆምና፣ ላገኘው ሁሉ «አድልዎ ነው! ሴትዮዋ ፍርድ አያውቁም!» ይላል።

ሚስቱም ከውስጥ፣ እሱ የሰፋውን ሱሪ ሁሉ ስፌቱን እየደገመች፣ «ታዲያ ፊሽካህን ንፋባቸዋ!» ትለዋለች።