ውሃ የገባበት አቼቶ

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ለሳይንስ ፕሮጀክት የመረጠችው ቀላል ነገር ነበር። ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አቼቶ፣ ፊኛ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ይደረጋል፤ ፊኛውን ጠርሙሱ አፍ ላይ አጥልቆ ሶዳውን ወደ ታች ማራገፍ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ቡታጅራ ባለው ቤታችን፣ ማድቤት ውስጥ ሞከረችው። አቼቶው አረፋ ደፈቀ፣ ፊኛው ቀስ እያለ ቀና አለና ተነፋ።

"እማዬ፣ ማንም አልነፋውም እኮ" አለችኝ።

እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ውስጡ ምን እንደገባ ስጠይቃት ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። የቀረውን አቼቶ "ለሰኞ ነው፣ እንዳትነኪው" ብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

እሁድ የባለቤቴ እህት ከነልጆቿ ከወልቂጤ ድንገት መጣች። ሰላጣ ስሠራ እጄ ወደዚያ ጠርሙስ ሄደ። ትንሽ ብቻ ልወስድ ነበር። ሰላጣው በዛና ደገምኩ። ሳየው ከግማሽ በታች ወርዷል። ጠዋት ሌላ እገዛለሁ ብዬ፣ እስከዚያው ልጅቷ እንዳታውቅብኝ እስከነበረበት ውሃ ሞላሁት። ሰኞ ግን እንግዶቼን መናኸሪያ ስሸኝ ጭራሽ ረሳሁት።

ትዝ ያለኝ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ከወላጆች መሃል ተቀምጬ፣ ልጄ ፕሮጀክቷን ልታቀርብ መድረክ ላይ ወጥታ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ ስታወጣ ነው።

ሶዳውን አራገፈችው። ፊኛው ጫፉን ትንሽ ቀና አደረገና ወደ ጎን ተኛ። ጠርሙሱን ነቀነቀችው። ከኋላ ልጆች ሳቁ።

"በትክክል ለክተሻል?" አላት መምህሯ።

"ለክቻለሁ ቲቸር። ቤት ሠርቶልኝ ነበር።"

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ድረስ መጣ፤ ያን ሁሉ ሰው ሳይ ግን መነሳት አቃተኝ። ልጄ ዕቃዋን ሰብስባ ወረደች፣ ሌላ ተማሪ ተጠራ።

መንገድ ላይ ነገርኳት። ቆመች።

"ለክተሻል ወይ ሲለኝ እየሰማሽ ነበር?"

"እየሰማሁ ነበር።"

ቀድማኝ ሄደች።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። ገና ስለ አቼቶው ስጀምር አቋረጠኝ።

"ልጅዎ ጠዋት መጥታ ነግራኛለች። እንዲበቃት ብላ ራሷ ውሃ እንደጨመረችበት። ስህተቷን በማመኗ ደስ ብሎኛል፤ ውጤቱን ግን ከፍ ላደርግላት አልችልም።"

እውነቱን ብናገር ልጄ ውሸታም ልትባል ነው። ዝም ብል ጥፋቴን እሷ ተሸከመችልኝ ማለት ነው። መምህሩ ክፍል ሊገባ ጠመኔውን ይዞ ይጠብቀኛል።

"እሺ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። መምህሯን አግኝቼው እንደነበር አልነገርኳትም። ምግቧን አቀረብኩላት፤ በላች፣ ሳህኗን አጥባ ወደ ክፍሏ ገባች። በሩ ጋ ድረስ ሄጄ፣ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።