ማማው ስር ያለው አግዳሚ ወንበር

ዱባይን የማውቃት እኔ ነኝ። አሁን በምኖርበት ኧርቪንግ ከተማ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ በዚያ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቀድመው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ፏፏቴው በሙዚቃ ሲጨፍር የት ቢቆሙ ውሃ እንደማይረጫቸው፣ የዓሣዎቹ መስታወት ፊት መቀመጫ የት እንደሚገኝ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። ተሳስቼም አላውቅ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ስድስት ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው። ማዳም ልጆቿን ልታዝናና ስትወጣ እኔም አብሬ እወጣ ነበር። በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ጫማቸውን፣ ሰማይ ጠቀሱ ማማ ላይ ሲወጡ ቦርሳቸውን ይዤ እጠብቃለሁ። ለእኔ ቲኬት የሚቆርጥ አልነበረም። ልጆቹ "ከላይ ሆነን እጃችንን እናወዛውዝልሻለን" ይሉኛል፤ እኔም እንዳይከፋቸው ሽቅብ አወዛውዛለሁ። ማማውን ግን "ቆይ፣ አንድ ቀን አናትህ ላይ እወጣለሁ" እያልኩ እዝትበት ነበር።

ዘንድሮ ከባለቤቴና ኧርቪንግ ከወለድናት ልጃችን ጋር ወደ አገር ቤት ስንሄድ፣ ዱባይ አንድ ቀን እንድናድር ያደረግሁት እኔ ነኝ። የማማውንም ቲኬት ገና ሳንነሳ፣ ከምሠራበት ሆቴል ሆኜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በስልኬ ቆረጥኩ። እንደ አስጎብኚ ፊት ፊት እየሄድኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ በሩ ድረስ አደረስኳቸው።

"ማሚ፣ ቦርሳዬን ሆልድ አድርጊልኝ" አለች ልጄ። ተቀበልኳት። የአባቷንም ጃኬት ጨምሬ ያዝኩና ሄጄ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ያው የድሮው ወንበር ነው።

ባለቤቴ ቲኬቱን ሊያሳይ የወሰደውን ስልኬን እያየ መጣ። "ይሄ እኮ የሁለት ሰው ብቻ ነው። ለራስሽ ቡክ አላደረግሽም እንዴ?"

እውነትም ሁለት ነው። አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል፤ እኔን ሰው ሳያስወጣኝ ራሴ ወጥቼ ተቀምጫለሁ። በራሴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ሌላ ቲኬት ብንጠይቅ የዕለቱ አልቋል ተባልን።

"ኦኬ፣ እኔ እጠብቃለሁ፣ እናንተ ውጡ" አለ ባለቤቴ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን "ኧረ ተው፣ እኔ ለምጄዋለሁ" እል ነበር። ያን ዕለት ግን ቦርሳውንም ጃኬቱንም እቅፉ ላይ ከመርኩለት።

"ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል" አልኩት። "ማዳም ትቆጣሃለች።"

ሊፍቱ ጆሮዬን ደፍኖ ወደ ላይ አወጣኝ። ባሕሩ፣ አውራ ጎዳናው፣ ከዚያ ወዲያ አሸዋው ወለል ብሎ ታየ። ልቤ በደስታ ሞላ።

"ማሚ፣ የነበርሽበት ቤት የቱ ነው?" አለችኝ ልጄ።

እኔ የምፈልገው ቤቱን አልነበረም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ቁልቁል ወንበሩን ፈለግሁ። ፏፏቴው ሳፋ አክሎ ይታያል፤ ወንበር የሚባል ነገር ግን የለም። ያኔ ስልኬ ጠራ።

"እያወዛወዝኩልሽ ነው፣ አየሽኝ?" አለ ባለቤቴ።

"ከዚህ ሆኖ ታች ያለ ሰው አይታይም" አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁና፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሽቅብ ስታወዛውዝ ለኖረችው ልጅ እጄን አወዛወዝኩላት።