የሞቀው እግርና የተሸፈነው ብሽሽት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ደም የነካው ጨርቅ መልቀም ነበር፤ ለቡ አካባቢ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል፣ በጽዳት ሠራተኝነት። አለቃዬ ባልዲና ጓንት ሰጥቶኝ «ሳትጠየቅ አትናገር» አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ ጎልምሼ ነው። ማንበብ ስችል የቁስል ማጠቢያ ክፍል ረዳት አደረጉኝ። የቁስል መሸፈኛ ጎዝ አቀብላለሁ፣ መቀስ አጥባለሁ፣ በሽተኛ አገላብጣለሁ። የሚያመሰግን የለም።

ከበሽተኞቻችን አንዱ ጋሽ ደምሴ የፉሪ ሰው ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ ሲጋራም አልተዉም። የእግራቸው ደም ሥር ተዘግቶ ጣታቸው ጠቁሮ ነበር። እግሩ እንዳይቆረጥ ዶክተሩ ከጭናቸው ሌላ ደም ሥር አውጥቶ፣ የተዘጋውን አልፎ እንዲሄድ ከብሽሽታቸው እስከ ጉልበታቸው ሥር ቀጠለላቸው።

ደም ወረደለትና እግሩ ሞቀ። ጠያቂ የተባለ ሁሉ ብርድ ልብሱን ከግርጌ እየገለጠ ይዳብሳል። «ሞቀ እኮ! እልል በሉ!» እጃችሁን ታጠቡ ብል፣ «አንተን ደግሞ ምን አገባህ?» ይሉኛል።

ከዚያ ጋሽ ደምሴን ትኩሳት ያዛቸው። ሲስተር ብሽሽታቸውን ልታይ ስትጠጋ አንሶላውን ጨብጠው ያዙ። «የታመመው እግሬ ነው! የልጄ እኩያ ሆነሽ እዚያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ዶክተሩ አልጋ ለአልጋ በሽተኛ ለማየት ሲመጣ ምራታቸውና ተማሪ ሐኪሞች አልጋውን ከበዋል። «ብሽሽትዎስ?» አላቸው። «ተመስገን፣ ደህና ነው።» አለፈ።

እኔ ግራ ገባኝ። እግሩ ሙቅ፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል።

ሲስተር ተከትላ ሄዳ «አላሳዩኝም እኮ» ብላ ዶክተሩን መለሰችው። እኔ «ሁላችሁም ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። ምራትየዋ «ባለጌ!» እያለችኝ ወጣች። ዶክተሩና እኔ፣ ወንዶቹ ብቻ ስንቀር ጋሽ ደምሴ አንሶላውን ለቀቁ። ስፌቱ ተከፍቶ መግል ይወርዳል።

«ብሽሽት እጥፋት ነው፣ ላብ ይይዛል፤ ስኳር ሲጨመርበት ቶሎ ያመረቅዛል» አለኝ ዶክተሩ። «መግሉ የቀጠልነው ደም ሥር ጋ ከደረሰ ደም ሥሩ ፈንድቶ ይገድላቸዋል።»

ደርሶ ነበር። የተቀጠለው ደም ሥር ወጣ። እግሩ ቀዘቀዘ። ቆረጡት።

ሲነቁ ጠሩኝ። «የታመመው እግሬ። ያመረቀዘው ብሽሽቴ። የተቆረጠው እግሬ። ይህ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው፣ አንተ?»

«እኔም አልገባኝም፣ ጋሼ።»

ዶክተሩ አስረድቶኝም አልገባኝም። ከእሳቸው በኋላ ምንም ሳይደብቅ ያመረቀዘበትን አይቻለሁ፤ ደብቆ የዳነም አይቻለሁ።

አዲስ ለምትገቡ ረዳቶች፦ እንዲህ ደም ሥር የተቀጠለለት በሽተኛ እግሩ ሞቀ ብላችሁ አትለፉ። ጠያቂ አስወጡ፣ መጋረጃ ሳቡ፣ ብሽሽቱ ይታይ።