ከጉድጓዱ እንዴት ወጡ?

ዛሬ ጠዋት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር አጠገብ የውሃ ቱቦ ለመቅበር ይቆፍራሉ። የእርጥብ አፈሩ ሽታ ሲመጣብኝ ቆም አልኩ። የአጎቴ ቤት እንዲህ ይሸት ነበር።

አጎቴ ከጨንቻ የወረደ ሸማኔ ነው። አርባ ምንጭ ከተማ ዳር በነበረችው ቤቱ ውስጥ እግሮቹን መሬት ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ ከትቶ ይሸምን ነበር። መንገድ ሊያልፍበት ነው ተብሎ ቤቱ የሚፈርስ ዕለት ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ። ዶዘሩ አጥሩ ጋ ቆሞ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። አጎቴ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል።

«ጋሼ፣ ተነስ እባክህ።»

መወርወሪያውን ወደ ግራ መለሰው። በዚያ ሳምንት የተማርነውን እንግሊዝኛ ነገርኩት። «ዲግ ኢን» ይባላል፤ ድሮ ወታደሮች ምሽግ ቆፍረው ይገቡና ቦታውን አንለቅም ይሉ ነበር፤ ዛሬ አልነቃነቅም ላለ ሰው ሁሉ ይነገራል አልኩት። ላበረታው ይሁን ላስወጣው እኔም አላውቅም።

እጁ ክሩ ላይ ቆመ።

«ወታደሮቹ ከጉድጓዱ እንዴት እንደወጡ አስተማሪሽ ነገረችሽ?»

አልነገረችንም። እናቴ መጥታ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከኋላዬ ሞተሩና መወርወሪያው ይሰማሉ፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚቆም እየፈራሁ ሄድኩ።

አሁን በየጠዋቱ ቤቱ በነበረበት አስፋልት ላይ ነው የማልፈው። ዛሬ ያንን ግስ ሰሌዳ ላይ ጽፌ የወታደሮቹን ታሪክ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው።

«ጥያቄ ያለው?»

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የአጎቴን ጥያቄ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ጠመኔውን አስቀመጥኩ።