በውሃ ያጠብኩት ቢላ

የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆኜ የተመደብኩት ቦምቤ አካባቢ ባለች አንዲት ቀበሌ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሱፐርቫይዘሬ ቦት ጫማ፣ ሜትርና መዝገብ አስረከበኝ። ቢላውን ራሴ ቀድሜ ከአረካ ገበያ ገዝቼ ነበር። ሥልጠናዬ የዘጠኝ ወር ነበር፤ ኩራቴ ግን የዘጠኝ ዓመት።

ያን ዕለት በአንድ ግቢ አጠውልግ የሚሉት በሽታ የያዘውን እንሰት ቆርጠን ቀበርን። ማሠልጠኛ ሳለን «መሣሪያችሁን አጽዱ» ተብለናልና ጅረት ወርጄ ቢላውን በአመድ ፈትጌ አጠብኩ። ከዚያ ወደ ጎረቤት ተሻገርኩ። የግቢው እመቤት፣ የማርቆስ እናት የሚሏቸው፣ ጓሯቸውን ከፈቱልኝ፤ የእንሰት ደረቅ ቅጠል እንዴት እንደሚገፈፍ በዚያው ቢላ አሳየኋቸው።

ዓመት ሳይሞላ የእሳቸው እንሰት ሁሉ ጠወለገ። አንድም እግር አልተረፈም። እኔም መዝገቤ ላይ «በበሽታ» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። እሳቸው ግን በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር የተቀቀለ ጎደሬ ሳያቀምሱኝ አይለቁኝም ነበር።

አርባን ካለፍኩ በኋላ ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ በክረምት መርሐ ግብር ለዲግሪ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ደብዳቤዬን ሲፈርም ሳቀ።

«ልትመረቅ ነው ወይስ ጡረታ ልትወጣ?»

«በተራ ነው» አልኩት።

ክፍል ውስጥ ሁሉም «ፋዘር» ይሉኛል። ዓይኔ ሰሌዳውን እምቢ ስላለኝ የፊት ወንበር ይለቁልኝ ነበር። እንደ ልጆቼ ወደድኳቸው።

አንድ ቀን መምህራችን፣ ገና ወጣት ሴት ናት፣ የመስክ ቢላችንን ይዘን እንድንመጣ አደረገች። የታመመ እንሰት ቆረጥን። «አሁን እንደ ልማዳችሁ አጽዱ» አለች። ፈትጌ አጠብኩና «እንደ መስታወት ፊት ያሳያል!» አልኳት። እሷ የራሷን በእሳት ለበለበችው። ከየቢላው በጥጥ ጠርጋ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አኖረች።

ከጥቂት ቀን በኋላ የእሷ ሳህን ንጹሕ ነበር። የእኔ ቢጫ ነቁጥ ሞልቶበታል።

«ፋዘር፣ የአጠውልግ ባክቴሪያ ይኸው ነው፤ ውሃ አይገድለውም» አለችኝ።

ያ የመጀመሪያ ቀን መጣብኝ። ጅረቱ፣ ከዚያ የማርቆስ እናት ጓሮ። እዚያው ክፍል ውስጥ አለቀስኩ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ቀበሌዬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «ባልናገርስ?» እያልኩ ነበር። ማንም አያውቅም። ሰው ግቢውን የሚከፍትልኝ ስለሚያምነኝ ነው፤ ያ እምነት ከሄደ ዲግሪው ምን ያደርግልኛል? የማርቆስ እናት ፊታቸውን እንዳያዞሩብኝ ደግሞ ከሁሉ በላይ ፈራሁ።

«እንሰትዎን የገደለው የእኔ ቢላ ነው» አልኳቸው ደጃቸው ደርሼ፣ በወላይትኛ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስኪቆጡኝ ጠበቅኩ።

«በቢላ ነው የመጣው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እግዚአብሔር አልነበረም?»

«ምን አገናኘው?»

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ዓመት አማቴን ክፉ ቃል ተናግሬያት ነበር። ሳንታረቅ ሞተች። እንሰቴ ሲሞት እግዚአብሔር የቀጣኝ መሰለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቅር በለኝ እያልኩት ነው።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ቀደም ብለህ በተማርክ!»

ዲግሪዬን ያዝኩ። ለአዳዲስ ልማት ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ስህተታችሁን ባወቃችሁ ጊዜ ሄዳችሁ ለተጎዳው ሰው ንገሩ። የእናንተን ጥፋት የራሱ ኃጢአት አድርጎ ተሸክሞት ይሆናል።