ለመድኃኔ ዓለም ይምጣ

ይቅርታን አትሮንስ ፊት ቆሞ ማስተማር ቀላል ነው። ባለፈው እሑድ አንድ ወጣት ሰባኪ ጠላትህን ውደድ የሚለውን የጌታን ቃል ሲተነትን አንደበቱ ማር ነበር፤ ሰዉም እልል ይላል። እኔ ጥጌን ይዤ ጥርሴን ነከስኩ። ልጁ ጠላት አይቶ አያውቅም። እኔ ግን እናቴ ትርንጎ ከዚህ ቃል ጋር ስትታገል አይቻለሁ።

እናቴ የሸዋ ቀወት ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት፣ የሮቢት መንገድ ዳር ያለችውን የማሽላ መሬት እያሳረሰች ሁለት ልጆች አሳደገች። ታላቋ እኔ ዓይናለም ነኝ፤ ያኔ በጣሊያን ጊዜ ትዳሬን ፈትቼ ወደ ቤቷ ተመልሻለሁ። ታናሼ ይልማ ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ የጌታን ትምህርት የምታውቀው ከነፍስ አባታችን ከመምሬ ተክሌ አፍ ነው። የሰማችውን ግን ታደርገዋለች። በበጋ እንስራ ሙሉ ውሃ መንገድ ዳር ታቆማለች፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠጣል። «የጣሊያን ቅጥረኞችም እኮ ይጠጡልሻል» ስላት፣ «ጌታ የተጠማን አጠጡ አለ እንጂ ማንነቱን ጠይቁ አላለም» ትለኛለች።

ይልማን ክርስትና ያነሳው ጎረቤታችን ወርቁ ነው። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ይልማ ለአርበኞች እህል ወደ ደጋው ያደርስ ነበር። በ1930 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተነቃበትና ማሽላው ውስጥ ተደበቀ። ያለበትን የምናውቀው እናቴ፣ እኔና ወርቁ ብቻ ነበርን። ጣሊያኖቹ ወርቁን ይዘው ሁለት ቀን ገረፉት፤ አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ሚስቱን ብዙነሽን አምጥተው ፊቱ ሲያስሯት ተናገረ። ይልማን እዚያው ማሽላው መካከል ገደሉት። አስከሬኑን ጋሼ ኢብራሂም የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችን በግመላቸው ጭነው አመጡልን። የልጅ ሞት የእግር እሳት ነው ይላሉ፤ እናቴን ያልነካት ቦታ አልነበረም።

ወርቁ ከሐፍረቱ የተነሳ ሰፈሩን ለቆ ከጀውሃ ወንዝ ማዶ ጎጆ ቀለሰ። በይልማ አርባ ቀን ግን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከደጃችን ቆመ። በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው። ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካለ ድንጋዩ ይወርድለታል፤ ካላለ እንደተሸከመ ይመለሳል። መምሬ ተክሌና ጋሼ ኢብራሂም ሽማግሌ ሆነው ግራና ቀኙን ቆመዋል። እናቴ በሩን ዘጋች። በፋሲካ ማግስት ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም ዘጋች። እኔ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እናቴ ግን ጸሎቷ ተሰበረባት። አባታችን ሆይ ብላ ጀምራ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ምነው ስላት፣ «ቀጥሎ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል ይላል እኮ፤ ፊት ለፊቱ ቆሜ እግዚአብሔርን ልዋሸው?» አለችኝ። የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ጽዋ መጠጣትም ተወች። ጌታ መባህን አስቀምጠህ መጀመሪያ ታረቅ ብሏል፣ ቂም ይዤ አልቀምስም አለች። ሰው ቂመኛ አላት። እሷ ግን ከእኛ ሁሉ ይልቅ ቃሉን የፈራች ነበረች።

መስከረም ላይ ወርቁ ከሁለቱ ሽማግሎች ጋር ሦስተኛ መጣ። አንገቱም ድንጋዩን የያዘበት ክንዱም ሰልሏል። እናቴ በበሩ ቀዳዳ አየችውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ልጄን ለክርስትና የታቀፈበት ክንድ ነው» ብላ በሩን ልትከፍት ተነሳች። ነጠላዋን ይዤ ጎተትኳት።

«ሦስት ሰው ፊት ነው ይቅር የምትይው? ይልማ አገር እያወቀ ነው የተገደለው! ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም የማኅበሩ ተራ የእኛ ነው። ያኔ ይምጣና ሰው ሁሉ እያየ ይለምንሽ።»

«ልቤ እኮ ይቅር ብሎታል፣ ዓይናለም።»

«ካለማ ምን ቸገረሽ? የአንድ ወር ነገር ነው።»

ወደ በሩ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። ከዚያ በሩን ሳትከፍት፣ «ለመድኃኔ ዓለም ይምጣ» አለች።

ጋሼ ኢብራሂም ከውጭ፣ «ትርንጎ፣ በአላህ ይሁንብሽ፤ ሰው ለነገ ዋስ የለውም፣ ዛሬ አውርጂለት» አሉ። ወርቁ፣ «እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ» ብሎ ድንጋዩን እንደተሸከመ ሄደ።

ያን ወር እናቴ ሌላ ሰው ሆነች። አባታችን ሆይን ሳትቆም እስከ መጨረሻው አደረሰች። ጌሾ አስወቀጠች፣ ጠላውን ራሷ ጠነሰሰች። «ወርቁን ከጎኔ አስቀምጬ በእጄ ነው የማጎርሰው» ትላለች። እኔ አኮረፍኩ፤ እሷ ሳቀችብኝ። ይልማ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማኅበሩ ጥቅምት ሃያ ሰባት ነው። ሃያ አምስት ቀን ረፋዱ ላይ ጋሼ ኢብራሂም መጥተው ወርቁ ማረፉን ነገሩን። ወባ ነው፤ በሁለት ቀን ጨረሰው። መታመሙንም የሰማነው ከመርዶው ጋር ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ያስጣልኳት እኔ ነኝ።

እናቴ ጀውሃ ድረስ እየሮጠች ሄደች። ከቀብር መልስ ብዙነሽ ከጎጆው ጀርባ ወሰደችን። የእናቴ እግር ላይ ወደቀች።

«እትዬ፣ በድዬዎታለሁ። ትኩሳቱ ሲጠናበት መድኃኔ ዓለም ስንት ቀን ቀረው፣ እትዬ ምን አሉ እያለ መሞት አቃተው። አንጀቴ አልችል አለና፣ ተኝተህ ሳለ መጥተው ይቅር ለእግዚአብሔር ብለውህ ሄዱ አልኩት። በስምዎ ዋሸሁ። ተመስገን አለና ነፍሱ ወጣች።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አልዋሸሽም ልጄ፤ ከመስከረም ጀምሮ ይቅር ብዬዋለሁ» አለች።

ብዙነሽ ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ ምነው ያን ቀን በነገሩት!»

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ዓይናለም ናት የያዘችኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ዐይኗን ወደ እኔ እንኳ አላዞረችም።

«ኩራት ያዘኝ፤ የራሴ ኩራት» አለች።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። «እሱስ ሰምቶ ሄደ፤ እኔ ነኝ ሳልናገር የቀረሁት» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ ልላት ስንት ዓመት አሰብኩ፤ ለልደት እላታለሁ፣ ለፋሲካ እላታለሁ እያልኩ ቀን ስመርጥላት ኖርኩ። ግንቦት ላይ ሞተች። አላልኳትም።