ከከሚሴ ደሴ፣ ከደሴ ጨፋ ሮቢት፦ ለአባቴ የማትጠፋ ኮምፒውተር ፍለጋ

ማለዳ፣ ከሚሴ መናኸሪያ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ የባጃጅ ባትሪ ይዣለሁ። መናኸሪያው ገና ጭቃ ነው፤ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። የሚኒባሱ ሾፌር የሰፈሬ ልጅ ሰይድ ነው፤ ባትሪውን አይቶ ዝም አላለም።

«አካም ቡልቴ፣ ዘሃራ? ደግሞ ባጃጅ ልትገጣጥሚ ነው?»

«ፈያ፣ አልሃምዱሊላህ። ደሴ ኮምፒውተር ልገዛ ነው።»

«ባትሪ ተሸክመሽ?»

«በሬ ስትገዛ ምን ያህል ይበላል ብለህ አትጠይቅም? እኔ ምግቡን ጭምር ይዤለት ነው የምሄድ።»

ሳቀና ባትሪውን ከጋቢናው ወንበር ሥር አስቀመጠልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጨፋ ሮቢት ነው የሚኖሩት። በጉልምስናቸው ጊዜ ቴፕ ይዘው በየሰው ቤት እየዞሩ መንዙማ ቀድተዋል፤ የሽማግሌ ወግም በኦሮምኛና በአማርኛ ሰብስበዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ካሴቱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ፣ ቤታቸው ሰርቨር አቆምኩ፤ ማለትም ሌት ተቀን በርቶ የጠየቁትን የሚያቀርብ ማሽን። ጎረቤት በዋይፋይ ያለ ኢንተርኔት በስልኩ ይሰማል። አባ ደግሞ ቁጥርና የሒሳብ ምልክት ብቻ ያለባት ኪቦርድ አለቻቸው፦ አንድ ሲጫኑ መንዙማ፣ ሁለት ሲጫኑ ወግ፤ የመደመር ምልክቷን ሲጫኑ ድምፁ ከፍ ይላል።

ችግሩ ማሽኑ አሮጌ፣ ትልቅና ሆዳም ነው። መብራት ሲሄድ ይሞታል። መብራት ሲመለስ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ጽፎ ይጠብቃል፤ አባ ምን ብለው ያንብቡለት? ኪቦርዳቸውን ታቅፈው ሰው እስኪመጣ ይቀመጣሉ። ለምን እንደማይጠሩ በስልክ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ለመብላትም ለመውጣትም ሰው እጠራለሁ። ለመስማት እንኳ ልጥራ?» አሉኝ። አንጀቴን በላችው፤ ዛሬ መንገድ ያስወጣችኝ ይህች ቃል ናት።

ረፋድ፣ ሐረጎ

ኮምቦልቻ ላይ ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁ። ከዚያ ሽቅብ ነው፤ ጠመዝማዛው የሐረጎ መንገድ፣ ጉም፣ የከባድ መኪና ሰልፍ። የከሚሴን ሙቀት የለመደ ሰው ቀስ በቀስ ጃኬቱን መቆለፍ ይጀምራል። ሰይድ ግን ስለ ባትሪው አልተወኝም። «ወላሂ፣ አሲዱ ቢፈስ ካሳ ትከፍያለሽ!»

የምፈልገውን አውቃለሁ። ክረምት ነው፣ አባ ቤት ያለው ትንሽ ሶላር ፀሐይ በቅጡ አያገኝም፤ ስለዚህ ማሽኑ ከአንድ አምፖል ያልበለጠ የሚበላ መሆን አለበት። ኃይሉን በቀጥታ ከሶላሩ ባትሪ መውሰድ አለበት። የጨፋ ሙቀትና አቧራ ስላለ ማራገቢያ ባይኖረው ይመረጣል። ደግሞም ቢጠፋ ማንንም ሳይጠብቅ ራሱ መነሳት አለበት።

እኩለ ቀን፣ ደሴ

ሱቀኛው መጀመሪያ ያወጣልኝ በቀይና በሰማያዊ መብራት የሚብለጨለጭ ግዙፍ ማሽን ነው። «ጌም ያጫውታል፣ እህቴ!» አባቴ ጌም እንደማይጫወቱ ነገርኩት። ቀጥሎ መዳፍ የማታህል፣ ሽፋን የሌላት የኮምፒውተር ሰሌዳ አሳየኝ። ልቤ ወደዳት፤ ግን ሁሉን ነገር የምታስቀምጠው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሦስተኛው ላፕቶፕ ነው፤ የራሱ ባትሪ አለው ብዬ ሳገላብጠው ባትሪው አብጦ ሆዱ ተነፍቷል። ቤት ማቃጠል አልፈልግም፤ መለስኩለት።

መደርደሪያው ታች አቧራ የለበሰች ጥቁር ሳጥን አየሁ፤ ከአንድ ቢሮ የወጣች ያገለገለች ናት። ማራገቢያ የላትም፤ ጀርባዋ ላይ «12 ቮልት» የሚል ተጽፏል። ባትሪዬን ከፌስታል አወጣሁ፣ ቮልቴጅ የምታስተካክለውን ትንሽ መቀየሪያ መሐል አስገባሁና አገናኘኋት። በራች። መለኪያዬ ላይ ፍጆታዋን አየሁ፤ ከአንድ አምፖል በታች ነው። ቅንብሯ ውስጥ ገብቼ ኃይል ሲመለስ ራሷ እንድትነሳ አዘዝኳትና ገመዱን መንጭቄ ነቀልኩ።

«ኧረ እህቴ! እንዲህ ይነቀላል እንዴ?»

«መብራት ሲሄድ ያስፈቅዳል እንዴ?»

መልሼ ሰካሁ፤ ራሷ ተነሳች። ደጋግሜ ነቀልኩ፣ ደጋግማ ተነሳች። ሱቀኛው ዋጋ ሲጠራ፣ «አቧራውንም ጨምረህ ነው የምትሸጠው?» አልኩት። ቅር ቅር እያለው ቀነሰልኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቁልቁል

ሳጥኗን እቅፌ ውስጥ አድርጌ ተመለስኩ። ከሚሴ ላይ መኪና ቀየርኩ። ከከተማው ሲወጣ የጨፋ ሸለቆ ይዘረጋል፤ ማሽላው ወገብ ደርሷል፣ ከብቱ ሆዱ ሞልቶ ከቦርከና ይመለሳል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም።

ማምሻ፣ ጨፋ ሮቢት

ፋይሎቹ ያሉበትን ዲስክ አዛውሬ፣ ሳጥኗንና ድምፅ ማጉያዋን ከሶላሩ ባትሪ ጋር አያይዤ ስጨርስ መግሪብ ተሰገደ። አባ ሳጥኗን በእጃቸው ዳሰሷት።

«ይህችው ናት? ያን ሁሉ ሰው ትችላለች?»

«ትችላለች፣ አባ።»

ሁለት ቁጥርን ተጫኑ። የሟች ጓደኛቸው ወግ ተጀመረ፤ ጎረቤቶቻችንም ተሰብስበው ያዳምጣሉ።

ነጎድጓድ ሲጀምር እናቴ እንደ ልማዷ ተነስታ ቴሌቪዥኑን ነቀለች፣ ፍሪጁን ነቀለች፣ ሳጥኗ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይችንስ?»

«ተያት እማ፣ ከግድግዳው አትበላም።»

ወዲያው ቤቱ ጨለመ። የሶላሩ አምፖል ያለው ማድ ቤት ብቻ ስለሆነ ሁላችንም በየኪሳችን ስልክ መፈለግ ጀመርን።

«አይ፣ መብራት ሄደ!» አለች እናቴ።

አባ ግራ ገብቷቸው ቀና አሉ። እስከ ዛሬ መብራት መሄዱን የሚያውቁት ድምፁ ሲቋረጥ ነበር። አሁን የጓደኛቸው ድምፅ ወጉን እንደቀጠለ ነው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ፈገግ አሉ።

«የሄደው እናንተ ዘንድ ነው» አሉና የመደመር ምልክቷን በጣታቸው ፈልገው ድምፁን ከፍ አደረጉት።